ዓሣ ከመግባቱ በፊት፦ በጅግጅጋና በሰሜን ሶማሌ ክልል ከተሞች የቢርካና የገንዳ ውኃ አሰነዳድ



አንድ መሐንዲስ የውኃ ማጠራቀሚያ ሠርቶ በሚያስረክብበት ቀን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። አንደኛው ማጠራቀሚያው ስንት ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል የሚል ነው፤ ሁለተኛው ያፈሳል ወይስ አያፈስም የሚል ነው። ለሁለቱም አጥጋቢ መልስ ከተገኘ ርክክቡ ይፈረማል፤ ሥራውም እንደ ተጠናቀቀ ይቆጠራል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞች ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሦስተኛ ጥያቄ ተጨምሯል። ይኸውም በዚያ ውኃ ውስጥ ምን ይራባል የሚለው ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ለሦስተኛው ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱን፣ ማለትም የትንኝ እጭ የሚበላ ዓሣን በቢርካ ውስጥ ማኖርን፣ ከውኃው አሰነዳድ አንጻር መመርመር ነው። ዓሣ ማግኘት የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም። ዋናው ሥራ ዓሣው ከመግባቱ በፊት ውኃው ሕይወት ሊሸከም እንዲችል አድርጎ ማዘጋጀት ነው፤ ይህም የሐኪሙ ወይም የዓሣ አርቢው ብቻ ሳይሆን የመሐንዲሱም ግዴታ ነው።

ሀ. ስለ ትንኟ

እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ ወባ ከክረምት መውጫ ጋር የተያያዘ በሽታ ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል። ዋነኛዋ አስተላላፊ አኖፊለስ አረቢየንሲስ የምትራባው ዝናብ በሚተወው ኩሬና ረግረግ ውስጥ ስለሆነ፣ ኩሬው ሲደርቅ በሽታውም ይቀንሳል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ ግን ጠባይዋ ሌላ ነው። የትውልድ አገሯ ደቡብ እስያና የዓረብ ልሳነ ምድር ሲሆን፣ በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የታወቀችው በ2012 እ.ኤ.አ. በጅቡቲ ከተማ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሀር ተገኘች። በ2018 እ.ኤ.አ. በምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞች በተደረገው ቅኝትም ከተገኘችባቸው ከተሞች መካከል ጅግጅጋ፣ ደገሐቡርና ድሬዳዋ ይገኙበታል። በ2022 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ በደረቁ ወራት የተነሣውን የወባ ወረርሽኝ የመረመሩ ሊቃውንትም በሽታውን ከዚህችው ትንኝ ጋር አያይዘውታል።

ይህች ትንኝ ረግረግ አትሻም። የምትሻው በርሚል፣ ክዳን የሌለው ሮቶ፣ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ቢርካ፣ እንዲሁም በግንባታ ቦታ ለሲሚንቶ ማቡኪያና ለብሎኬት ማጠጫ ተብሎ የተቆፈረውን የውኃ ጉድጓድ ነው። በሌላ አነጋገር ቤቷን የሚሠራላት መሐንዲሱ ራሱ ነው። የበጋው ድርቀትም አያጠፋትም፤ እንዲያውም ሰው ውኃ በብዛት የሚያጠራቅመው በበጋ ስለሆነ መኖሪያዋ ይበዛላታል።

ለ. ስለ ቢርካው

ጅግጅጋ ከካራማራ ተራራ በስተ ምሥራቅ በተንጣለለው ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ቀብሪበያህ፣ ወደ ሀርሺንና ወደ ሀውድ ሜዳ በተሄደ መጠን የገጸ ምድር ውኃ እየጠፋ፣ የከርሰ ምድሩም እየጠለቀ ይሄዳል። በዚህም የተነሣ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በሀውድ ቢርካ የተባለው ማጠራቀሚያ ተስፋፍቷል። ቢርካ መሬት ተቆፍሮ፣ ግድግዳው በድንጋይ ተገንብቶና በሲሚንቶ ተለስኖ፣ የጎርፍ ውኃ በቦይ እየተመራ የሚጠራቀምበት ነው። በጉ ዝናብና በካረን ዝናብ ይሞላል፤ በጂላል ደረቅ ወራት ይቀዳል፤ ሲያልቅም በቦቴ ውኃ ይገለበጥበታል። ብዙዎቹ ቢርካዎች የግለሰብ ንብረት ናቸው፤ ውኃቸውም ይሸጣል።

ለትንኝ መከላከያ ከሁሉ የሚሻለው መክደን መሆኑ አያጠራጥርም። በርሚልና ሮቶ በደንብ ከተከደኑ ወይም በጥቅጥቅ ወንፊት ከተሸፈኑ ሌላ ነገር አያሻቸውም። አፉ ሰፊ የሆነውን፣ ከብት የሚጠጣበትንና በየቀኑ የሚቀዳውን ቢርካ ግን ትንኝ እንዳታልፍ አድርጎ መክደን ውድ ነው። እሾህና ጭራሮ ቢጣልበት ትነቱን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ትንኟን አያግድም። ዓሣ የሚታሰበው እንግዲህ እንዲህ ላለው ክፍት ውኃ ነው።

ሐ. ስለ ዓሣው

ሐሳቡ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ከጅግጅጋ ማዶ በሰሜን ሶማሊያ፣ ውጤቱ በ1985 እ.ኤ.አ. በታተመ የመስክ ሙከራ፣ ኦሪዮክሮሚስ ስፒሉረስ የተባለው የቆሮሶ ወገን በእነዚሁ ቢርካዎች ውስጥ ገብቶ በወባ ትንኝ እጭ ላይ ተፈትኗል። ያኔ የኢትዮጵያ ወደብ በነበረችው በአሰብም አፋኒየስ ዲስፓር የተባለው ትንሽ የአገሬው ዓሣ በጉድጓዶችና በውኃ ማጠራቀሚያዎች ተሞክሮ እጩን በእጅጉ መቀነሱ በ1992 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በጅቡቲም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ይኸው ዓሣ ለተመሳሳይ ዓላማ ውሏል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጋምቡዚያ የተባለው የአሜሪካ ዓሣ ትንኝ በመብላት ስሙ የገነነ ቢሆንም፣ በገባባቸው አገሮች የአገሬውን ዓሦችና እንቁራሪቶች በመጉዳቱ በዓለም ከታወቁት ጎጂ ወራሪ ፍጥረታት ተርታ ተመድቧል። ቢርካ ዝግ ውኃ ይመስላል፤ ሆኖም በኃይለኛ ዝናብ ይፈስሳል። በጅግጅጋ አካባቢ የሚፈስሰው ውኃ ወደ ፋፈንና ወደ ጀረር ይወርዳል፤ የሁለቱም አቅጣጫ ወደ ዋቢ ሸበሌ ነው። ስለዚህ የሚመረጠው የአፍሪካ ቀንድ ተወላጅ የሆነ ዓሣ ብቻ መሆን አለበት፤ ምርጫውም የዓሣ ተመራማሪዎችን ምክርና የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል።

መ. ሁለቱ የጊዜ ሰሌዳዎች

የችግሩ እምብርት ያለው እዚህ ላይ ነው። አዲስ የተሞላ ውኃ ለትንኝ ወዲያውኑ የተዘጋጀ ነው። በሞቃት አየር ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ያለው ዕድገት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈጸማል። ለዓሣ ግን ያው ውኃ ገና መርዝ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ሁኔታው እስኪሰክን ሳምንታት ይፈጃል። ትንኟ አትጠብቅም፤ ዓሣው ግን ሊጠበቅለት ይገባል።

ይህን ልዩነት ያልተገነዘበ ሰው ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ይወድቃል። ወይ ቸኩሎ ዓሣውን ባልሰከነ ውኃ ውስጥ ይጨምርና በማግሥቱ ሁሉም በጀርባው ተንሳፎ ያገኘዋል፤ የቢርካው ባለቤትም የሞተ ዓሣ ያየበትን ውኃ ዳግመኛ ለዓሣ አይፈቅድም። ወይ ደግሞ ውኃው እስኪሰክን ሲጠብቅ ትንኟ ሁለት ትውልድ ታሳድጋለች። መፍትሔው የመሸጋገሪያውን ጊዜ ባዶ አለመተው ነው። በእነዚያ ሳምንታት ትንንሹን ገንዳ በወንፊት መሸፈን፣ ትልቁን ደግሞ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ እስራኤለንሲስ በተባለው የባክቴሪያ ዝግጅት በጤና ባለሙያ መሪነት ማከም ይቻላል። ይህ ዝግጅት የትንኝን እጭ ይገድላል እንጂ ዓሣን አይጎዳም፤ በኋላ ለሚገባው ዓሣም እንቅፋት አይሆንም።

ሠ. የአዲስ ልስን ኖራ

ለአዲስ ቢርካ የመጀመሪያው ጠላት ሲሚንቶው ነው። ሲሚንቶ ሲጠነክር ነፃ ኖራ ይተርፈዋል፤ ይህም ኖራ ወደ ውኃው እየሟሟ ፒ ኤቹን ከ11 በላይ ሊያደርሰው ይችላል። አብዛኞቹ ዓሦች በሚገባ የሚኖሩት ከ6.5 እስከ 9 ባለው መካከል ነው። ነገሩን የሚያባብሰው ቢርካ የሚሞላው በዝናብ ውኃ መሆኑ ነው። የዝናብ ውኃ በውስጡ የሟሟ ማዕድን እምብዛም ስለሌለው ኖራውን ይስባል፤ የሳበውንም የሚያረግብበት ባይካርቦኔት የለውም።

በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኘው ምክር ግልጽ ነው፤ ገንዳውን ሙላ፣ ለአንድ ሳምንት ተወው፣ አፍስሰው፣ እንደገና ሙላ፤ ይህንንም ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግም ይላል። ይህ ምክር ግን ውኃ እንደ ልብ በሚገኝበት አገር የተጻፈ ነው። በሀርሺን አንድ ቢርካ ውኃ አፍስሱ ብሎ መምከር የማይታሰብ ነው። ስለሆነም አካባቢው የሚፈቅዳቸውን ሌሎች መንገዶች መከተል ይገባል።

አንደኛው መንገድ ልስኑ እንዳለቀ ውኃ በማጠጣት በሚገባ እንዲጠነክር ማድረግና ከዝናቡ በፊት በቂ ጊዜ ለአየር ክፍት ሆኖ እንዲቆይ መተው ነው። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የልስኑን ገጽ ኖራ ወደማይሟሟ ካልሲየም ካርቦኔት ይለውጠዋል። ሁለተኛው በቢርካው ወለል ላይ ጥቂት ውኃ ብቻ ይዞ ግድግዳውን በሻካራ ቡርሽ ደጋግሞ ማጠብ ነው፤ ያም ውኃ አይጣልም፤ ለቀጣዩ ግንባታ ኮንክሪት ማጠጫ ይውላል። ለትንሽ ገንዳ ኮምጣጤ በውኃ አቅጥኖ መቀባትና ማለቅለቅ ይረዳል። ሦስተኛው ከጉድጓድ የተቀዳ፣ ባይካርቦኔት የበዛበት ጠጣር ውኃ በቦቴ አምጥቶ ከዝናቡ ውኃ ጋር መቀላቀል ነው። ባይካርቦኔቱ ከኖራው ጋር ተዋሕዶ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፤ ፒ ኤቹም ይቀንሳል።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ፍርዱን የሚሰጠው የፒ ኤች መለኪያ ወረቀት ነው። ለሦስት ተከታታይ ቀናት፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ተለክቶ ከ9 በታች ካልጸና ዓሣ አይገባም። ሁለት ጊዜ መለካቱ የሚያስፈልገው አረንጓዴ አልጌ ያለበት ውኃ ከሰዓት በኋላ ፒ ኤቹ ከፍ ስለሚል ነው።

ረ. ክሎሪንና ፀረ ተባይ

ሁለተኛው ጠላት ለሰው ወዳጅ የሆነው ክሎሪን ነው። ለመጠጥ በተዘጋጀ ውኃ ውስጥ እንዲገኝ የሚፈለገው ቀሪ ክሎሪን በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ነው። ከ0.1 ሚሊግራም ያነሰ መጠን እንኳ የዓሣን ስንጥብ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ክሎሪን የገባበት የቦቴ ውኃ ዓሣ ባለበት ቢርካ ላይ በቀጥታ መገልበጥ የለበትም። በአነስተኛ ገንዳ ውስጥ ውኃው ለፀሐይና ለአየር ተጋልጦ አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ ክሎሪኑ በአብዛኛው ይጠፋል። መቆየት ካልተቻለ ለእያንዳንዱ ሚሊግራም ክሎሪን 7 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ታዮሰልፌት ይበቃዋል።

ከዚህ ላይ የጤናና የዓሣ ጥቅም የሚጋጭ ይመስላል። ማስታረቂያው ቦታ መለየት ነው፤ ክሎሪን በቢርካው ሳይሆን በቤት ውስጥ በጀሪካኑ ይጨመር። ዓሣ ትንኝን ይበላል እንጂ ውኃ አያጣራም፤ ስለዚህ የቢርካ ውኃ ዓሣ ኖረበትም አልኖረበትም ከመጠጣቱ በፊት መታከም አለበት።

ፀረ ተባይ የበለጠ ክፉ ነው። ለአጎበር መንከሪያና ለቤት መርጫ የሚያገለግሉት ፓይሬትሮይድ የተባሉ መድኃኒቶች ለሰው ያን ያህል የማያሰጉ ሲሆኑ ለዓሣ ግን እጅግ መርዛማ ናቸው። አጎበር በቢርካው ዳር ታጥቦ እጣቢው ወደ ውስጥ ቢወርድ፣ ወይም የመርጫ መሣሪያ በዚያ ቢለቀለቅ የወራት ድካም በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። ወባን ለመከላከል የተሰጠው አጎበር ወባን የሚከላከለውን ዓሣ እንዳይገድል ለባለቤቶቹ በቋንቋቸው መነገር ይኖርበታል።

ሰ. አሞንያና የማይታዩት ሠራተኞች

ሦስተኛው ጠላት ከዓሣው ከራሱ የሚወጣው አሞንያ ነው። እዚህ ላይ በቢርካና በማቆያ ገንዳ መካከል ያለው ልዩነት በቁጥር ቢታይ ይሻላል። እያንዳንዳቸው 2 ግራም የሚመዝኑ 500 ዓሦች በድምሩ 1 ኪሎ ግራም ይሆናሉ። በቀን የክብደታቸውን 3 በመቶ፣ ማለትም 30 ግራም ቢመገቡ፣ በናይትሮጅን ሲሰላ 0.9 ግራም ያህል አሞንያ ይወጣቸዋል። ርዝመቱ 12፣ ወርዱ 6፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ቢርካ 216 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ በዚያ ውስጥ የአንድ ቀኑ አሞንያ በሊትር 0.004 ሚሊግራም ቢሆን ነው። በ1 ሜትር ኩብ ገንዳ ውስጥ ግን ያው አሞንያ በሊትር 0.9 ሚሊግራም ይሆናል።

የአሞንያ መርዛማነት ደግሞ በፒ ኤች ይወሰናል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፒ ኤች 8 ሲሆን ከጠቅላላው አሞንያ መርዛማው ክፍል 5 በመቶ ያህል ነው፤ ፒ ኤች 9 ሲደርስ ግን 36 በመቶ ይሆናል። በአዲስ የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ኖራውና አሞንያው እየተጋገዙ ይገድላሉ ማለት ነው።

ማቆያ ገንዳ ለምን ያስፈልጋል? ቢርካ በጂላል ይደርቃል፤ ዓሣውም አብሮ ያልቃል። በየዓመቱ ከሩቅ ቦታ፣ ለምሳሌ የብሔራዊው የዓሣ ምርምር ማዕከል ከሚገኝበት ከሰበታ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ዓሣ እያጓጓዙ መዝለቅ አይቻልም። በከተማው ውስጥ ዘር የሚተርፍበት፣ ከዝናብ እስከ ዝናብ የሚያደርስ ገንዳ መኖር አለበት።

በዚያ ገንዳ ውስጥ አሞንያን የሚያጠፉት የማይታዩ ሠራተኞች ናቸው። ቪኖግራድስኪ የተባለው ሊቅ በ1890 እ.ኤ.አ. ገደማ እንዳሳየው፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎች አሞንያን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ናይትራይት የዓሣውን ደም ቡናማ አድርጎ አየር እንዳይሸከም ያግደዋል፤ ናይትሬት ግን በመጠኑ ከሆነ አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በአብዛኛው በውኃው ውስጥ ሳይሆን በጠጠር፣ በስፖንጅና በግድግዳ ገጽ ላይ ተጣብቀው ነው። ቀስ ብለው ስለሚራቡም ሙሉ ጉልበት እስኪያገኙ በሞቃት ውኃ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። እንደ ሽንሌና እንደ አይሻ ባሉት ቆላማ ከተሞች ሙቀቱ ያግዛቸዋል፤ በጅግጅጋ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ከዚያም በላይ ሊዘገዩ ይችላሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ገንዳው ጠጠር ተደርጎበት ይሞላል፤ ዓሣ ሳይገባ ጥቂት የዓሣ መኖ በየቀኑ ይጨመርበታል፤ ሲበሰብስ አሞንያ ይሰጣል። በመመርመሪያው ኬሚካል ሲለካ መጀመሪያ አሞንያ ይወጣና ይወርዳል፤ ተከትሎ ናይትራይት ይወጣና ይወርዳል፤ በመጨረሻ ናይትሬት ይታያል። ሁለቱ ፊተኞች በተከታታይ ቀናት ዜሮ ሲሆኑ ውኃው ሰከነ ይባላል። ከዚህ ቀደም ከሰከነና በሽታ ከሌለበት ገንዳ አንድ ባልዲ ጠጠር ቢመጣ ጊዜውን በእጅጉ ያሳጥረዋል፤ ልክ እርሾ ከጎረቤት እንደ መበደር ነው።

ሸ. ስለ አየርና ስለ መጀመሪያው ጎርፍ

በባሕር ወለል ላይ 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሊይዝ ይችላል። በጅግጅጋ ከፍታ ያው ውኃ የሚይዘው 6.8 ያህል ብቻ ነው። የዓመቱ የመጀመሪያ ጎርፍ ደግሞ ከግጦሽ መሬት የከብት ፋንድያና ደለል ጠርጎ ይገባል፤ ይህም ሲበሰብስ ያለችውን ኦክሲጅን ይጨርሳል፤ ድፍርሱም ዓሣው እጩን እንዳያይ ያደርገዋል። ስለዚህ በመግቢያው ላይ የደለል ማጠራቀሚያ መሥራት፣ የመጀመሪያውንም ጎርፍ ወደ ከብት ማጠጫ ወይም ወደ እርሻ ማስቀየስ ይገባል። ዓሣ የሚገባው ውኃው ከጠለለ በኋላ ነው።

በመግቢያው ዕለት ዓሣው የመጣበት ፕላስቲክ ከረጢት ሳይፈታ በቢርካው ላይ 20 ደቂቃ ያህል እንዲንሳፈፍ ይደረጋል፤ ከዚያ የቢርካው ውኃ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ ዓሣው ከአዲሱ ሙቀትና ፒ ኤች ጋር ይለማመዳል። ከሁሉም በፊት ግን አሥር ዓሦች በወንፊት ቅርጫት ውስጥ ሆነው በቢርካው ለሁለት ቀን ይቆዩ። እነርሱ ከዳኑ ሌሎቹ ይገባሉ፤ ካልዳኑ የጠፋው አሥር ዓሣ እንጂ የባለቤቱ እምነት አይደለም።

ቀ. ማጠቃለያ

ዓሣ ለወባ ብቸኛ መድኃኒት ተደርጎ መቅረብ የለበትም። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው የኮክሬን ግምገማ እንደሚያስረዳው፣ ዓሦች በገቡበት ውኃ የእጩን ብዛት ሊቀንሱ ይችላሉ፤ በሕሙማን ቁጥር ላይ ያላቸው ውጤት ግን በአስተማማኝ ጥናት አልተረጋገጠም። አጎበሩ፣ ምርመራውና ሕክምናው፣ ከሁሉም በላይ የበርሚሉ ክዳን ቦታቸውን እንደ ያዙ ይቆያሉ። ዓሣ የሚታከልባቸው እንጂ የሚተካቸው አይደለም።

ሆኖም ቢርካውን የሠራው ሙያ በቢርካው ውስጥ ስለሚራባው ነገር አያገባኝም ሊል አይችልም። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ለማኅበሩ አባላት ይቀርባሉ። አንደኛ፣ በክፍት ማጠራቀሚያዎች የሥራ ውል ውስጥ የውኃ ማስከኛ ጊዜ እንደ ልስኑና እንደ ቦዩ ሁሉ ራሱን የቻለ የሥራ ክፍል ሆኖ በቀንና በዋጋ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በርክክብ ጊዜ ከመጠኑና ከማፍሰሱ ፍተሻ ጋር የፒ ኤችና የክሎሪን ልኬት ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ ማንኛውም ተቋራጭ ሥራውን ሲጨርስ በግንባታው ቦታ የቆፈረውን የውኃ ጉድጓድ ሳይደፍን እንዳይሄድ በውሉ ይገደድ።

ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ትዕግሥትና መዝገብ ነው። በውኃ ጥም በሚፈተን አገር ውኃ ማቆር ትልቅ ሙያ ነው። የቆረውን ውኃ ለሰው የሚበጅ፣ ለትንኝ የማይመች አድርጎ ማስረከብ ግን ሙያውን ሙሉ ያደርገዋል።